ለመንገድ ዳር ፖስታ ሳጥን ምን ዓይነት ምሰሶ? ምን ያህል ይጠንክር?

ጠያቂው ቨርጂኒያ ውስጥ ስታፎርድ ካውንቲ፣ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 45 ማይል በሆነ የገጠር መንገድ ዳር ቤት ገዝተዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ የፖስታ ሳጥናቸው ሦስት ጊዜ ወድቋል። ሁለቴ የጣሉት ከሚሮጥ መኪና መስኮት ወጥተው በቤዝቦል ዱላ የሚመቱ ልጆች ሲሆኑ አንዴ ደግሞ በረዶ ጠራጊው ነው። አሁን በብየዳ ሥራ የሚተዳደር ጎረቤታቸው ባለ 6 ኢንች የብረት ቧንቧ አምጥቶ፣ ውስጡን በአርማታ ሞልቶ፣ 4 ጫማ ቀብሮ ሊያቆምላቸው ቃል ገብቷል። «ከእንግዲህ ማንም አይነቀንቀውም ብሎኛል። የሚከለክል ሕግ አለ ወይ? ከሌለስ ይህን ያህል ጠንካራ መሆኑ ምን ጉዳት አለው?» ብለው ጠይቀዋል።

ሰላም ለእርስዎ። ቧንቧውን አይትከሉት። ንዴትዎ ይገባኛል፤ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ላቡን አፍስሶ ያቆመውን ነገር ጠዋት ተነሥቶ ቦይ ውስጥ ተዘርሮ ሲያገኘው ደሙ የማይፈላ ሰው የለም። ጎረቤትዎም የሚያስበው ለእርስዎ ነው። እኔ ግን ሥራዬ የመንገድ ዳር ዲዛይን ነው። ከአስፋልቱ ጠርዝ ወዲያ የሚቆመውን ነገር ሁሉ፣ ምልክቱን፣ የመብራት ምሰሶውን፣ አጥሩን፣ ዛፉን፣ ፖስታ ሳጥኑን፣ መስመሩን የሳተ መኪና ሲደርስበት ምን ይሆናል እያልን የምንመረምርበት ሙያ ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ሊተክሉት ያሰቡት ነገር ደብዳቤ የሚቀመጥበት ምሰሶ መሆኑ ቀርቶ መንገድ ዳር የተተከለ ግንብ ሆኗል።

ከሕጉ ልጀምር። ምሰሶውም ሳጥኑም የእርስዎ ናቸው፤ የቆሙበት መሬት ግን አብዛኛውን ጊዜ የእርስዎ አይደለም። ከአስፋልቱ ጠርዝ ጀምሮ ያለው ሣር የመንገዱ ይዞታ ነው፤ የሚያጭዱት እርስዎ ስለሆኑ የግቢዎ አካል ይመስላል እንጂ። አገር ቤት ላደግን ሰዎች ነገሩ እንግዳ ነው። እዚያ ደብዳቤ የሚመጣው በፖ.ሳ.ቁ. ስለሆነ ቁልፍ ይዞ ፖስታ ቤት መሄድ ነው እንጂ ደጅ ላይ ሳጥን ማቆም የሚባል ነገር የለም። እዚህ ግን በመንግሥት መሬት ላይ የግል ንብረት እንዲያቆሙ ተፈቅዶልዎታል፤ ፈቃዱ ደግሞ ልክ አለው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአርሊንግተንና ከሄንራይኮ በስተቀር የካውንቲ መንገዶችን የሚያስተዳድረው የክፍለ ግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። ደንቡም ለመንገዱ ቅርብ በሆነው ክልል የሚቆም የፖስታ ሳጥን ምሰሶ ሲመታ የሚሰበር ወይም የሚተኛ እንዲሆን ይጠይቃል። አንድ 4 በ4 ኢንች የእንጨት ምሰሶ፣ ወይም ውፍረቱ ከ2 ኢንች የማይበልጥ አንድ የብረት ቧንቧ ይህን እንደሚያሟላ ደንቡ ራሱ ይናገራል። ባለ 6 ኢንቹ ቧንቧ ከዚህ ውጭ ነው። አርማታ ሲጨመርበትማ ክርክርም የለው።

የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት የሚሰጠው ምክርም ያው ነው፤ የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደር ያወጣውን ልክ ይዞ 4 በ4 ኢንች እንጨት ወይም 2 ኢንች የብረት ወይም የአሉሚኒየም ቧንቧ፣ ከ24 ኢንች በላይ ያልተቀበረ ይላል። አያይዞም ወፍራም የብረት ቧንቧ፣ የኮንክሪት ምሰሶ፣ በአርማታ የተሞላ የወተት ጋንና የመሳሰለውን የእርሻ ዕቃ አትጠቀሙ ብሎ በስም ይጠራል። የወተት ጋኑ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የገባው ሰዎች በእርግጥ ያደርጉት ስለነበር ነው። ፖስታ ወደ ገጠር ቤቶች መታደል የጀመረው በ1896 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ገበሬው ያገኘውን የስብና የሽሮፕ ጣሳ ሁሉ ሳጥን አድርጎ ይሰቅል ነበር። በ1915 ሮይ ጆሮልማን የተባለ የፖስታ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ዛሬ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ጣሪያው እንደ ዋሻ የጎበጠውን ሳጥን ነደፈ። ሳጥኑ በዚህ መልክ ሥርዓት ያዘ፤ ምሰሶው ግን ለባለቤቱ ምርጫ ስለተተወ የድሮ ማረሻ፣ የተበየደ ሰንሰለት፣ በሲሚንቶ የተሞላ በርሜል ሁሉ መንገድ ዳር ቆመ። የመንገድ መሐንዲሶች ችግሩን የተረዱት ከሬሳና ከተጨራመተ ብረት ነው።

አገር ቤት የመንገድ ሥራ የተማረ ሰው አሽቶን ያውቀዋል፤ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የመንገድና የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር ነው፣ የኢትዮጵያ መንገዶች መመሪያዎችም ብዙ ነገር ከእሱ ወስደዋል። የአሽቶ የመንገድ ዳር ዲዛይን መመሪያ ስለ ፖስታ ሳጥን ብቻ የሚናገር ምዕራፍ አለው። ለአንድ ቆርቆሮ ሳጥን አንድ ሙሉ ምዕራፍ የተሰጠው ለከንቱ አይደለም።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎ። 45 ማይል በሰዓት ማለት በሴኮንድ 20 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ መኪና የማይነቃነቅ ነገር ቢመታ፣ ከስድስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ አፍንጫውን ደፍቶ እንደ ወደቀ ቁጠሩት። አንድ ቶን ተኩል የሚመዝን የቤት መኪና ይህን ሁሉ ጉልበት ይዞ ሲመጣ ከሁለት አንዱ መሸነፍ አለበት። 4 በ4ቱ እንጨት ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ መኪናው መከላከያው ተጨራምቶ፣ መስታወቱ ምናልባት ተሰንጥቆ ያልፋል፤ ሾፌሩ ወርዶ ይቅርታ ይጠይቃል ወይም ይሸሻል፤ እርስዎም ሌላ እንጨት ይገዛሉ። በአርማታ የተሞላው ቧንቧ ግን አይሸነፍም። ጥግ ጥጉን ካገኘው መኪናውን አሽከርክሮ ይገለብጠዋል፣ መሐሉን ካገኘው ሞተሩን ወደ ሰዎቹ ይገፋዋል።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚባል ነገር አይደለም። ዲሴምበር 2016 ኦሃዮ ውስጥ አንድ ሰው ፒክአፕ እየነዳ ሳለ በዓይን በማይታይ ስስ በረዶ ላይ ተንሸራትቶ ከመንገድ ወጣና አንድ ፖስታ ሳጥን ገጨ። የሳጥኑ ባለቤት ልክ እንደ እርስዎ ሳጥኑ እየተመታ መሮት፣ ባለ 8 ኢንች የብረት ቧንቧ 36 ኢንች ቀብሮ አቁሞ ነበር። መኪናው ተገለበጠ፤ ሾፌሩ አንገቱ ተሰብሮ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። ሰውየው ሰካራም አልነበረም፣ ዱላም አልያዘም። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ በ2021 ኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም ባለንብረቱ ከተለመደው የመንገዱ ክፍል ለወጣ ሾፌር ኃላፊነት የለበትም ብሎ ባለቤቱን ነፃ አወጣ።

ይህን ፍርድ ጠቅሶ «ሕጉ ከእኛ ጋር ነው» የሚልዎ ሰው አይጠፋም። ፍርዱ የኦሃዮ ነው፣ በቨርጂኒያ ዳኛ ላይ አይጸናም። የቨርጂኒያ ደንብ ደግሞ ምሰሶው ምን ዓይነት እንዲሆን በግልጽ ስለሚናገር የእርስዎ አቋም ከዚያኛው ሰው የደከመ ነው። ደግሞስ በፍርድ ቤት መርታት ማለት እኮ አምስት ዓመት ከጠበቃ ጋር መመላለስ፣ በየቀኑም ከበርዎ ላይ ሆነው ያን ቧንቧ ማየት ማለት ነው። በዚያ መንገድ ላይ በበረዶ ሌሊት የሚያልፈው ማን ነው? ከሌሊት ፈረቃ የሚመለስ ነርስ፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ወር ያልሞላው የጎረቤት ልጅ፣ ወይም የእርስዎው ልጅ።

እንግዲህ ምን ይተከል? እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን 4 በ4 እንጨት እመርጣለሁ። ስሙ 4 ይባል እንጂ ሲለካ 3 ኢንች ተኩል በ3 ኢንች ተኩል ነው፤ አገር ቤት ሞራሌ ከምንለው ወፈር ያለ። በጣውላ መደብሩ ያለው ሻጭ «6 በ6 ውሰድ፣ ዋጋው ብዙ አይለይም» ሊልዎ ይችላል። እሺ አይበሉት። የአራት ማዕዘን እንጨት ሲታጠፍ ያለው ብርታት የሚያድገው የጎኑ ልክ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ 6 በ6ቱ ከ4 በ4ቱ አራት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አይቀረው። ቧንቧም ላይ ያው ነው፤ ባለ 4 ኢንቹ ከባለ 2 ኢንቹ ከአምስት እጥፍ በላይ ይበረታል። ለዓይን ትንሽ የሚመስለው ልዩነት ለሚገጨው ሰው ግዙፍ ነው።

የሚገዙት እንጨት በኬሚካል የታከመ፣ መለያ ወረቀቱም ላይ መሬት ውስጥ ለመቀበር የተዘጋጀ መሆኑን የሚገልጽ ይሁን። ከመሬት በላይ ብቻ እንዲቆም የታከመ እንጨት ዋጋው ረከስ ይላል፣ መልኩም ያው ነው፣ ነገር ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው «እንጨት ደካማ ነው» የሚለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ የጣለው ዱላው ሳይሆን መበስበሱ ነው። በነገራችን ላይ የእርስዎ ምሰሶ በየት በኩል እንደ ተሰበረ ይመልከቱት ብዬ ልጠይቅዎ ነበር፤ መሬቱ ጋ ጠቁሮ፣ በጣት ሲነኩት የሚፈረፈር ከሆነ ልጆቹ ባይመጡም በቅርቡ መውደቁ አይቀርም ነበር።

ብረት ከወደዱ ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ይበቃል፤ እንዳይሞላ፣ ግርጌው ላይም ሳህን እንዳይበየድበት። ሳህን የተበየደበት ቧንቧ መሬቱን ነክሶ ስለሚይዝ አይነቀልም። ነፋስ እንዳያዞረው ከተፈለገ ትንሽ ክንፍ መበየድ ይቻላል፣ እሱም ከመሬት ወለል በታች ከ10 ኢንች በላይ ባይወርድ ነው የአሽቶ ልክ። ጎረቤትዎ እጁ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ አተካከሉ። ከመቆፈርዎ በፊት 811 ይደውሉ። ነፃ ነው፤ ሰዎች መጥተው ከመሬት በታች ያለውን መስመር በቀለም ያሰምሩልዎታል፤ ቢጫው ጋዝ፣ ቀዩ ኤሌክትሪክ፣ ሰማያዊው ውሃ፣ ብርቱካናማው የስልክና የኢንተርኔት ነው። መንገድ ዳር 2 ጫማ ቁፋሮ ቀላል ይመስላል፣ ግን ገመዶቹ የሚያልፉት እዚያው ነው።

ቁመቱን የሚለኩት ከሣሩ ሳይሆን ከመንገዱ ወለል ነው። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአስፋልቱ ወለል እስከ ሳጥኑ ሥር 41 እስከ 45 ኢንች መሆን አለበት፤ ፖስተኛው ከመኪናው ሳይወርድ እጁ እንዲደርስ ነው። እርስዎ 43 ያዙ እንበል። የሣሩ መሬት ከአስፋልቱ 5 ኢንች ዝቅ ቢል፣ ከሳጥኑ ሥር የሚገባው ጣውላም 1 ኢንች ተኩል ቢወፍር፣ ምሰሶው ከሣሩ በላይ 46 ኢንች ተኩል ይቆማል፤ 24 ኢንች የሚቀበረው ሲጨመር 70 ኢንች ተኩል ይመጣል። እንግዲህ ባለ 8 ጫማውን ገዝተው ይቆርጡታል። ሲተክሉት ከፋብሪካ የመጣውን ጫፍ ወደ ታች፣ እርስዎ የቆረጡትን ወደ ላይ ያድርጉት፤ ኬሚካሉ እስከ መሐል ስለማይዘልቅ የተቆረጠው ገጽ ውሃ ይጠጣል። እሱንም መከላከያ ቀብተው ክዳን ያድርጉለት።

ጉድጓዱን ወደ 28 ኢንች ይቆፍሩና ከሥር 4 ኢንች ጠጠር ያድርጉ፣ ውሃ እንዲወርድ። ምሰሶውን አቁመው በውሃ ልክ በሁለቱም ጎን ያስተካክሉ፤ ከዚያ የተፈጨ ድንጋይ በስድስት ስድስት ኢንች እየጨመሩ እያንዳንዱን ንብርብር በደንብ ይጠቅጥቁ። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ጥቅጠቃ ነው፣ አይቸኩሉበት። በትክክል የተጠቀጠቀ ጠጠር ምሰሶውን ያለ ምንም ሲሚንቶ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ ውሃም ስለማያቁር እንጨቱ ዕድሜ ያገኛል። አርማታ አያፍስሱ። ብዙ ክፍለ ግዛቶች ይከለክሉታል፤ ከዚያም በላይ ምሰሶው በተሰበረ ቁጥር ያንን የአርማታ ድብልብል ቆፍሮ ማውጣት የእርስዎ ዕዳ ነው።

ሳጥኑ ከምሰሶው ጋር የሚታሰርበትን ነገር ግን አጥብቀው ይያዙ። ምሰሶው እንዲሸነፍ እንፈልጋለን፣ ሳጥኑ እንዲለይ ግን አንፈልግም። የሳጥኑ ቁመት ከትንሽ መኪና ኮፈን በላይ፣ የፊት መስታወቱ ትይዩ ነው፤ ከምሰሶው ተፈናቅሎ የሚበር ሳጥን የሚያርፈው ሾፌሩ ፊት ላይ ነው። ስለዚህ በሁለት ሚስማር የተመታ ሳጥን አደጋ ነው። ከሥሩ የሚገባውን ጣውላ በብረት ማዕዘንና በብሎን ከምሰሶው ጋር ያያይዙት፣ የሳጥኑን ከንፈር ደግሞ ዙሪያውን በብሎን ይያዙት። ዱላ ሲመጣም የሚጠቅመው ይኸው ነው። ከጎረቤቶች ጋር ሳጥኖቻችሁን በአንድ ረጅም አግዳሚ ጣውላ ላይ ለመደርደር ካሰባችሁ ተዉት፤ አግዳሚው ሲወድቅ እንደ ጦር መስታወቱን ይበሳል። ሁለት ምሰሶ ጎን ለጎን ሲተከል በመካከላቸው ያለው ርቀት ከመሬት በላይ ካለው ቁመታቸው ሦስት አራተኛ ያላነሰ ይሁን።

ከመንገዱ ርቀት በተመለከተ የድንጋይ ጠርዝ ባለበት መንገድ የሳጥኑ በር ከጠርዙ 6 እስከ 8 ኢንች ገባ ይላል። የእርስዎ ጠርዝ የሌለው የገጠር መንገድ ስለሆነ የአካባቢዎን ፖስታ ቤት ኃላፊ ይጠይቁ፤ ይህን መወሰን የሱ ሥራ ነው።

ስለ በረዶ ጠራጊው። ብዙ ጊዜ ሳጥኑን የሚጥለው ምላጩ ሳይሆን ከምላጩ ላይ የሚወረወረው እርጥብ በረዶ ነው፤ ክብደቱ ቀላል አይደለም። ለዚህ የሚበጀው ምሰሶውን ወደ ውስጥ አርቆ ተክሎ ሳጥኑን በአግድም ክንድ ወደ መንገዱ ማውጣት ነው። ጠራጊው ሲያልፍ በረዶው በክንዱ ሥር ይፈሳል። በረዶ በሚበዛባቸው እንደ ሚኔሶታ ባሉ ቦታዎች ክንዱ ሲገፋ እንደ በር የሚዞርበትን ዓይነት ይጠቀማሉ። ስታፎርድ ውስጥ ደንበኛ ክንድ ከተደገፈ በቂ ነው።

ስለ ልጆቹ ደግሞ ይህን ልበል። ዱላው የሚያርፈው ሳጥኑ ላይ ስለሆነ መፍትሔውም እሱ ላይ መፈለግ አለበት። ወፍራም ፕላስቲክ ሳጥን ሲመታ ይጎደጉድና ይመለሳል፤ ቆርቆሮው ግን እንደ ተጨመቀ ይቀራል። የሚገዙት ሁሉ የአገሪቱ ፖስታ አገልግሎት ዋና ኃላፊ (ፖስትማስተር ጄኔራል) ማረጋገጫ የሆነውን ፒ.ኤም.ጂ. የሚል ምልክት የያዘ ይሁን። በትልቅ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ሳጥን ከትቶ መካከሉን በሲሚንቶ የሚሞላ ሰው አይቻለሁ፤ ያ ማለት ወደ መስታወት የሚወረወር ድንጋይ ማዘጋጀት ነው። ከዚያ ይልቅ በዛፍ ላይ ወይም በቤትዎ ግድግዳ ላይ ካሜራ ያድርጉና ለፖስታ መርማሪዎችና ለሸሪፉ ያመልክቱ። ፖስታ ሳጥን ማበላሸት በፌዴራል ሕግ እስከ ሦስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ይህን የሰሙ ወላጆች ልጆቻቸውን በአንድ ሌሊት ሲመክሩ አይቻለሁ። የሚያስጨንቅዎ ሳጥኑ ሳይሆን ውስጡ ያለው ቼክና የኢሚግሬሽን ደብዳቤ ከሆነ፣ ፖስታ ቤቱ በነፃ በሚሰጠው ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ ይመዝገቡ፤ የሚመጡልዎትን ደብዳቤዎች ፊት በየጠዋቱ በፎቶ ይልክልዎታል። ቁልፍ ያለው ሳጥንም ይፈቀዳል፣ ፖስተኛው ቁልፍ ስለማይቀበል ግን ደብዳቤ የሚያስገባበት ቀዳዳው ሰፊ መሆን አለበት።

የቤት ቁጥሩን ቢያንስ 1 ኢንች በሚረዝም አኃዝ ሳጥኑ ላይ መጻፍዎን አይርሱ፤ አምቡላንስም በጨለማ የሚፈልገው እሱን ነው። አዲሱ እስኪቆም ድረስ ያለውን ጊዜ ደብዳቤዎን ፖስታ ቤት እንዲያቆዩልዎ ይንገሯቸው። የድሮውን ጉቶም ከመሬት አውጥተው ጉድጓዱን ይድፈኑት፤ ሣር ውስጥ የተደበቀ ጉቶ ለማጨጃውም ለጎማም ጠላት ነው።